ከመሃል እስከ ጫፍ

በአባቷ የሰባኛ ዓመት ልደት እራት ላይ ንግግር የምታደርገው ቴሳ እንድትሆን የተወሰነው እሷ በሌለችበት ነው። እናቷ ማርጀሪ ደውላ አሳወቀቻት።

«አጭር ይሁን። ሰዉን የሚያስቅ። ስለ ፎይብሎቹ አውሪ፤ ሰው ይወድለታል።»

ፎይብል እንግሊዞች ለትንሽ ጉድለት የሚሰጡት ስም ነው። ኃጢአት አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ሰውየው ሾርባ ሲጠጣ ጎረቤት ድረስ ይሰማል? ፎይብል ነው። ባቡር በዘገየ ቁጥር ለማያውቀው ሰው ስለ ድሮ ባቡሮች ያስተምራል? ፎይብል ነው። እኛ «አመሉ ነው፣ ተዉት» የምንለውን ይመስላል፤ ልዩነቱ የእንግሊዙ ቃል «ተዉት» የምትለዋንም በሆዱ ይዟል።

የቴሳ አባት የዴንዚል አመል አፉ ነበር።

በፋሲካ ምሳ ላይ የቴሳ ታላቅ ወንድም ኮሊን ከሚስቱ ከሊኔት ጋር ከብሪስቶል መጥቶ ነበር። የበጉ ጥብስ ተቆርጦ ማባያው ሲዞር፣ ዴንዚል ቆጡን ሊያጸዳ ማሰቡን አነሳ። «ያቺ ኮሊን የተኛባት የሕፃን አልጋ ግን ምን ትሁን? ስንት ዓመት ጠበቅናችሁ። ወይስ ለነቀዝ ልመርቃት?»

ሊኔት ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች። የመኪናው በር ሲዘጋ ከቤት ውስጥ ተሰማ። ከሦስት ሳምንት በፊት አስወርዷት ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። ዴንዚል አያውቅም ነበር፤ ይህን ማንም አልካደም። ከኮሊን አፍ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ግን እጆቹን ዘርግቶ፣ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ «መቼም ታውቁኛላችሁ፤ ፎይብሌ ነው» አለ። ኮሊን ኮቱን ያነሳው ይህን ሲሰማ ነው።

አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። እዚያ ቤት ከመሃል የወጣው ግን ባለ አመሉ ሳይሆን የተነካው ነበር። ክረምቱ አልፎ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ኮሊንና ሊኔት እንደወጡ ነበሩ።

ቴሳ ከእናቷ ጋር ስትጨርስ ለወንድሟ ደወለች።

«ቅዳሜ ትመጣላችሁ?»

«በራሱ አፍ ለሊኔት ይቅርታ ይበል፣ እመጣለሁ። ያቺን ቃል ካነሳ ግን ከእንግዲህ ፋሲካም ገናም የለም። የምሬን ነው፣ ቴስ።»

«አባዬ እኮ ነው። ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አያውቅም።»

«ሰባ ሞላው። ይማር።»

«አስተማሪው እኔ ነኝ?»

«የቃል ሐኪሟ አንቺ አይደለሽ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ደረቀ። «ሊኔት እኮ አሁንም በሕፃን አልጋ መሸጫው በኩል አታልፍም።»

ቴሳ ኦክስፎርድ ውስጥ በአንድ መዝገበ ቃላት ቤት ትሠራለች፤ ሥራዋ ቃል ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ንግግሩን ልትጽፍ ተቀምጣ የሾርባውንና የባቡሩን ቀልድ ከደረደረች በኋላ ሁሉም አስጠላት። ስለዚህ የምትችለውን ሥራ ሠራች፤ ቃሉን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች።

እንግሊዞች ፎይብልን የወሰዱት ከፈረንሳዮች ነው፤ ከዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት። ትርጉሙ «ደካማ» ነበር። ፈረንሳዮቹ አጠራሩን ቀይረው ሲሄዱ እንግሊዞች አሮጌውን ይዘው ቀሩ። ለስፖርት በሻሞላ የሚጋጠሙ ሰዎች ቃል ነበር። የሻሞላው ብረት ከእጀታው እስከ መሃሉ ጠንካራው ይባላል፤ ከመሃሉ እስከ ጫፉ ያለው ቀጭኑ ፎይብል ነው፣ ገፋ ሲያደርጉት ይጎብጣል። ከብረቱ ወደ ሰው ጠባይ ተዛመተ። ይህን ክፍል ቴሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አባቷ በከተማው አዳራሽ አርባ ዓመት ሻሞላ አስተምሯል። ያልጠበቀችው የቃሉን አያት ነበር። ከፈረንሳዮቹ በፊት በላቲን «የሚለቀስለት» ማለት ነበር። ለቅሶ ቤት ተወልዶ እራት ግብዣ ላይ ያረጀ ቃል። በመሃል መንገድ ላይ እንባውን ማን እንደጠረገለት መዝገቡ አይናገርም።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ አዳራሹን ሊያዘጋጁ ሄዱ። ጠረጴዛ እየጎተቱ ሳለ ቴሳ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«አባዬ፣ ለሊኔት ደውል።»

«ካርድ ልኬላታለሁ እኮ።»

«ካርዱ ላይ የሚያዛጋ በግ ነበረ።»

«ቆንጆ በግ ነበር።»

«አባዬ።»

ዴንዚል ጠረጴዛውን ለቀቀው። «ምን ልበላት? አላወቅኩም ነበር፤ እንዳላወቅኩም ታውቃለች። ይልቅ ነይ፣ ሰውነትሽ ዝጎ እንዳይሆን።» ከግድግዳው ላይ ሁለት ሻሞላ አውርዶ አንዱን ወረወረላት። መነጋገር ሲከብደው ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንን ነው።

ጭምብል አጠለቁ። ቴሳ ቸኮለች፣ እንደ ወትሮዋ። እጇን ገና ስትዘረጋ ዴንዚል በጠንካራው ብረቷን ወደ ጎን ገፋው፤ የራሱን ጫፍ ደረቷ ላይ አሳረፈ።

«ደካማውን ሰጠሽኝ» አለ፣ ደስ ብሎት። «ስንቴ ልንገርሽ? ደካማሽን ለሰው አትስጪ።»

ቴሳ አልተንቀሳቀሰችም። ዴንዚል ጀማሪዎችን የሚያስተምረው እየጠየቀ ነበር፤ እሷም በእሱው መንገድ ሄደች።

«አሁን በምንህ ነካኸኝ?»

«በጫፌ ነዋ።»

«ጫፉ የየትኛው ክፍል ነው? የጠንካራው ነው የደካማው?»

«የደካማው። የፎይብሉ። ምነው፣ ፈተና ነው?»

«በጠንካራው ምን ታደርጋለህ?»

«እከላከላለሁ።»

«ማንን?»

«ራሴን።»

«ሰው የምትወጋውስ በየትኛው ነው?»

ዴንዚል ብረቱን ከደረቷ ላይ መለሰ። ከዚያ «ብልጥ ነሽ» አለ። «ለንግግርሽ ይሆናል።»

«ለንግግር አይደለም።»

«እሺ፣ ግን ይሄን እዪው።» የብረቱን ጫፍ አነሳላት። «ጫፉ ላይ እንዳይወጋ የሚያደርግ ድፍን ቁልፍ አለው። ማንንም አይጎዳም። እኔም ስናገር እንደዚሁ ነው፣ ቀልድ ነው፣ ቁልፍ አለው። ይህን ሁሉም ያውቃል።»

«ጭምብል ላጠለቀ ሰው። እኔ አንተ ቤት ተወልጄ ጭምብሌን አጥልቄ ነው ያደግኩት፤ እማዬም አላት። ሊኔት ግን ምሳ ልትበላ ነው የመጣችው።»

ዴንዚል ጭምብሉን አወለቀ። ሽበቱ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። የተደራረቡት ወንበሮች ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብረቱን በሁለት ጣቶቹ መሃል ያጎብጠዋል፣ ይለቀዋል። ቴሳ አባቷን ቀልድ አጥቶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አላስደሰታትም።

«ስልክሽን ስጪኝ። በኔ ከደወልኩ አታነሳውም።»

እዚያው ተቀምጦ ደወለ።

«ሊኔት? እኔ ነኝ፣ ያ ምላሱን መግራት ያቃተው ሽማ…» አቋረጠው። ዓይኑን ጨፈነ። «ዴንዚል ነኝ። ስለ አልጋዋ ነው። አላወቅኩም ነበር ልልሽ አይደለም የደወልኩት። ካወቅኩ በኋላ የተናገርኩት ይብሳል። ጠባዬ ነው ብዬ ጥፋቴን አንቺኑ አሸከምኩሽ። ጎድቼሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወዲያ ማዶ የሚባለው ለቴሳ አልተሰማም። ዴንዚል «እሺ» አለ። «አዎ። እሺ።» ስልኩን መለሰላት።

«ምን አለች?»

«‹ሰምቻለሁ› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ጠረጴዛውን በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ማታ አዳራሹ ሞላ። የዶሮ ፓይ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አተር፤ በየጠረጴዛው የድሮ ሻሞላ ተማሪዎች። ማርጀሪ ከዴንዚል አጠገብ ሁለት ባዶ ወንበር አስቀምጣ፣ ሰው ሊቀመጥ በመጣ ቁጥር «ተይዟል» ትላለች። በመጨረሻ ብርጭቆዋን በቢላ መታ መታ አደረገችና ወደ ልጇ አየች።

ቴሳ ተነሳች። ቀልዶቹ በኪሷ ነበሩ፤ አላወጣቻቸውም።

«አባቴ በዚህ አዳራሽ አርባ ዓመት ‹ደካማችሁን ለሰው አትስጡ› እያለ አስተምሯል» አለች። «ዛሬ ጠዋት እሱ ራሱ ሲሰጥ አየሁት። ከግጥሚያዎቹ ሁሉ የወደድኩለት ይሄን ነው። ለጤናው።»

አንድ ሽማግሌ ሳቅ የሚጠበቅበት መስሎት ሳቀ፣ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ወደ ሳል ለወጠው። ሁሉም ጠጣ። ማርጀሪ ወደ ልጇ ጠጋ ብላ፣ «ቀልዱ የቱ ጋ ነበር?» አለቻት።

«አልነበረውም፣ እማዬ።»

ፓዩ ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተ። ኮሊን ነበር፤ ኮቱ ላይ ዝናብ አለ፣ ከኋላው ማንም የለም። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን ስቦ ተቀመጠ። ማርጀሪ ሌላውን ወንበር አየች።

«ሊኔት ቤት ናት» አለ ኮሊን ለአባቱ። «ለመምጣት ገና ነኝ ብላለች።»

«ይገባኛል።»

«አልጋዋን ደግሞ ለነቀዝ እንዳትሰጥ ብላለች።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት የሚያውቁት ዴንዚልን ነውና አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ቴሳም አየችው፤ የከንፈሩ ግራ ጫፍ ከፍ አለ፣ ቀልድ ሲመጣለት እንደሚያደርገው። መምጣቱ አልቀረም፣ ጥሩም ሳይሆን አይቀርም።

ከንፈሩን ገጠመው።

«እሺ በላት» አለና የድንቹን ሳህን ወደ ልጁ ገፋው።