የልብስ ሰፊዋ በርና የሰፈሩ መንገደኞች

ቅዳሜ ጠዋት በተዘጋው የብረት ሥራ ግቢ ውስጥ የተገኙት፣ መኖሪያ ሕንፃ ልትሠራበት የመጣችው ወጣት መሐንዲስ ከነሜትሯ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩና ሚስቱ፣ ከኋላቸውም ወሬ ካለበት የማይቀረው የሰፈር ሰው ሁሉ ነበሩ። ይህን ዋርሳዋን ሰፈሩ “ጉባኤው” ይለዋል። ሁለት ሰው ቆሞ ካየ መሃል ገብቶ ስብሰባ ይከፍታል፤ የሚነጋገሩበት ከሌለ ይፈጥርላቸዋል፤ ሲዘጋም ራሱን ያመሰግናል።

ግቢው ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ ይኸው ሰፈር ሲያማርር ነው የኖረው። መቁረጫው ጆሯችንን አደነቆረው፣ የብየዳው ብልጭታ ዓይናችንን አጠፋው እየተባለ አቤቱታ ያልቀረበበት ዓመት የለም። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ሁሉም እፎይ አለ። ወዲያው ደግሞ ግቢውን ተቀራመተው። አንዱ ዶሮ ለቀቀበት፣ ሌላው ቆሻሻ ደፋበት፤ ጉባኤውም ሞተር የሌላትን መኪናውን አስጎትቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ቤት ሊሠራበት ነው ሲባል ታዲያ ሰፈሩ ባንድ ጀንበር የግቢው ወዳጅ ሆኖ አረፈው። ቅርሳችን ነው ያለም አልጠፋ።

የእውነት የቸገራት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች። በያጁ ባሏ ከሥራው እንዳይርቅ ብሎ ያቆማት አንዲት ክፍል በሯ የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው፤ ሌላ በር የላትም። በአዲሱ ፕላን ላይ ከደጃፏ ተለጥፎ የሚቆም ግድግዳ አለ። ግድግዳው ከቆመ መውጫዋ መስኮቷ ሊሆን ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ድመት እንኳ አስባበት የምትገባበት ዓይነት ነው።

በዋዜማው ለዋርሳዋ፣ “ነገ ለመሐንዲሷ በሬን ላሳያት ነው” አለችው።

“አንቺ ዝም በይ። የአንዲት ሴት በር ማን ይሰማል? የሕዝብ መንገድ ነው እንላለን። ሕዝብ ሲመላለስበት በዓይኗ ታየዋለች፤ የሕዝብ መንገድ ላይ ደግሞ ቤት አይሠራም።”

“ጋሼ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው እኮ የለም።”

“ነገ ይኖራል።”

ኖረም። መሐንዲሷ ገና ሜትሯን ከመዘርጋቷ ሰፈሩ መንገድ ጀመረ። በትልቁ በር ገብተው በፈረሰው የጓሮ አጥር ይወጡና፣ ዞረው እንደገና በትልቁ በር ይመጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ሻንጣ ተሸክሞ ወገቡ ሊቆረጥ የደረሰ ይመስል ያቃስታል። ሚስቱ ስትሄድ ለቅሶ የረፈደባት፣ ስትመለስ ሰርግ የተጠራች ትመስላለች። ሁለት ጎረምሶች አንድ አልጋ ተሸክመው አለፉ፤ ትንሽ ቆይተው ያንኑ አልጋ ይዘው መጡ።

“ቆዩ እስቲ፣ አልጋውን የት ነው የምታደርሱት?” አለች መሐንዲሷ።

“እህቴ ጋ” አለ የፊተኛው።

“ወንድሜ ጋ” አለ የኋለኛው።

“ሁላችንም ቤተሰብ ነን፤ ይህም የሕዝብ መንገዳችን ነው” አለ ጉባኤው ፈጠን ብሎ።

ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ በእነሱ ፈንታ አፈረች። ያዝኑልኛል ብላ ያሰበቻቸው ሰዎች ሳቃቸውን እያፈኑ ሲጫወቱ አየች። አንድ ግራጫ ካፖርት ከፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ወደ አንድ ጡረተኛ ሾፌር፣ ከሾፌሩ ወደ ጉባኤው ሲዘዋወርም አየች። ከአጥሩ ጀርባ ይቀያየሩታል።

በመጨረሻ መሐንዲሷ ሜትሯን ጠቀለለች። “እውነታችሁን ነው። ይህን ያህል ሰው ካለፈበት የእግር መንገድም አይበቃውም። ሕንፃውን ወዲያ ገፋ አድርገን የመኪና መንገድ እናወጣለታለን።” ዞር ብላ የልብስ ሰፊዋን ክፍል አየች። “ይህቺ ግን ወደ መንገዱ ገብታለች። ትነሣለች።”

ሁሉም ወደ ጉባኤው ዞረ። ጉባኤው ደግሞ ከግቢው ጎን ወዳለው ወደ ገዛ ቤቱ እያየ ነበር።

“መንገዱ በእኔ ደጃፍ ነው የሚወጣው?”

“በእርስዎ ደጃፍ ነው።”

“አስፋልት?”

“አስፋልት።”

ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ ልማት ነው፤ ምን ይደረጋል። የግል ጥቅም ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ይለቃል።”

“ጋሼ፣ የወንድምዎ ቤት እኮ ነው” አለችው ልብስ ሰፊዋ።

“ወንድሜም ቢኖር ደስ ይለው ነበር” አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ፀጉር አስተካካዩ ሻንጣውን አስቀምጦ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። “አስፋልት ዳር ፀጉር ቤት…” ብሎ ጀመረና ልብስ ሰፊዋን ሲያይ ዋጠው።

እሷ መጥታ ሻንጣውን ባንድ ጣቷ አነሣችው። ከዚያ የጉባኤውን ካፖርት በኮሌታው ያዘች።

“የኔ ልጅ፣ ይህን ካፖርት እዪው። የደረት ኪሱ በቀኝ ነው። ጨርቁ ቢነትብ ፈትቼ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሲገለበጥ ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚህ ሰፈር ሌላ እንዲህ ያለ የለም። ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ለብሶት አለፈ፣ ሾፌሩ ለብሶት አለፈ፣ አሁን ደግሞ እኚህ ለብሰውታል። አንቺ ካፖርት ሲመላለስ ነው ያየሽው። በዚህ ከእኔ በቀር የሚሄድ የለም። ሣሩን እዪው።”

መሐንዲሷ አየችው። ግቢው ሣር በሣር ነው፤ ከዚያች በር ተነሥታ እስከ ትልቁ በር የምትሄድ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ተረግጣ ተላጭታለች። የአልጋ ተሸካሚዎቹ ዱካ ገና የተጎነበሰ ለምለም ሣር ነበር።

“ሰፈርሽን አዋረድሽ” አለች የፀጉር አስተካካዩ ሚስት።

“ሰፈሬማ ቤቴን አስፋልት ሊያለብስልኝ ነበር።”

ጉባኤው ስብሰባውን ሊዘጋ እጁን አነሣ፤ የሚሰማው አልነበረም።

“ታዲያ ምን ያህል ስፋት ይበቃዎታል?” አለች መሐንዲሷ።

“እኔና አንድ ጥቅል ጨርቅ የምናልፍበት።”

መሐንዲሷ ፕላኑ ላይ በእርሳስ የእግር መንገድ አሰመረች። በዓመቱ ሕንፃው ቆመ፤ በልብስ ሰፊዋ በርና በግድግዳው መሃልም ጠባብ መተላለፊያ ቀረ። ጉባኤው ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገራትም። ሱሪውን የሚያሳጥረው ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው፤ ሲሄድ በእሷ መተላለፊያ ያቋርጣል።