የጋሽ ሽመክት ተሳፋሪዎች

በደቡብ ማርበርግ የተባለው ደም የሚያፈስ ተላላፊ በሽታ መግባቱ በተነገረ ሰሞን፣ ዳንግላ ላይ ጋሪ የሚነዱት ጋሽ ሽመክት አፍንጫቸው እየደማ፣ በትኩሳት እየነደዱ ሆስፒታል ደረሱ። ልጃቸውን ሊጠይቁ በሽታው ወዳለበት ጂንካ ሄደው ከተመለሱ ገና ሳምንታቸው ነበር። ተረኛው ሐኪም ይህን ሲሰማ ወዲያው ለብቻ ወደተዘጋጀው ክፍል አስገባቸው።

ደም እንድትቀዳ የተላከችው ነርስ ፋና ናት። ከእግር እስከ ራሷ በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ መነጽርና ጭምብል አድርጋ ስትገባ ጋሽ ሽመክት ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«ፊት የሌለው ሰው ደሜን አይወስድም!»

ፋና አልተከራከረችም። ወጥታ ልብሱን በደንቡ አወለቀችና ታጥባ በውጭ በኩል ዞረች። በተዘጋው መስኮት ፊቷን እያሳየች፣ ጮክ ብላ በአዊኛ፣ «እኔ ነኝ አባባ፤ ፋና እባላለሁ» አለቻቸው።

አተኩረው አይተዋት ሳቁ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ትናንት ጠዋት ከመናኸሪያ እዚህ ድረስ ጭኜሽ የለም! እኔን ራሴን ይፈልጠኛል፣ አንቺ ስልክሽን ታወሪያለሽ፤ መቼ ዞር ብለሽ አየሽኝ!»

ፋና ክው አለች። ከበሽተኛው ጋር የተነካኩትን የሚመዘግበው ምንይችል አጠገቧ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ሁለት እርምጃ ራቀና ስሟን መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈ።

ደሙን ሌላ ነርስ ቀዳች፤ ጋሽ ሽመክት አሁን ክንዳቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ተሳፋሪዎቻቸውን ይዘረዝሩ ጀመር።

«እመቤት፣ ሁለት ዶሮ ይዛ። እንየው፣ በቆሎ ጭኖ። አንድ የአዲስ ቅዳም ሰው ደግሞ በግ ይዞ...»

«በጉን አልጽፍም፣ ጋሼ።»

«ጻፈው እንጂ! ስሙን አላውቀው፤ በምን ልታገኘው ነው?»

ሃያ ሰባት ሰው ተመዘገበ። ባለበጉም ሳይቀር በማግስቱ ሁሉም ተገኙ።

ፋና ሁለት ቀን ቤቷ ተዘግታ ሙቀቷን ስትለካ ቆየች። ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ደግማ ትለካለች፤ እናቷ ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ምንይችል ደወለ።

«ማርበርግ አይደለም! ቅማል የሚያስተላልፈው ትኩሳት ነው፤ መድኃኒት ጀምረናል።»

ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ጋሽ ሽመክት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሾርባ ይጠጣሉ። በእጃቸው ጠሯትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅማል ነው ያሉት እውነት ነው?»

«መንገድ ላይ ካደሩበት አልቤርጎ ይሆናል፣ አባባ።»

«እሱስ ይሁን። ባለቤቴ ከጠየቀችሽ ግን ወባ ነው በያት።»