ቃለ ጽሕፈት በጊፋታ ሳምንት

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገነጠለውና ርዕሰ መምህሩ በቴሌግራም ለወላጆች ጻፉ፦ «ጥገናው ጊፋታ እስኪያልፍ ይቆያል። ልጆቻችሁን ቤት አስተምሩ። ሲመለሱ ፈተና አለ።»

ሽታዬ አንብባ ሳቀች። ሶዶ ገበያ ቅቤ ነው የምትነግደው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ሳምንት ደግሞ ከተማው በሙሉ ቅቤ የሚፈልግበት ነው።

«እኔ በዚህ ሳምንት እናንተን በመልክ ከለየሁ ትልቅ ነገር ነው» አለች።

«ለእኔ ተይው» አለ ባሏ ታምራት። የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። «ስንት ወረዳ ያሠለጠንኩ ሰው ሁለት ልጅ ያቅተኛል?»

ማታውኑ ፕሮግራም አወጣ። አንድ ፔሬድ አርባ ደቂቃ፣ ደወሉ የድስት ክዳን። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሶፊ ፕሮግራሙን አየችና «አባዬ፣ ሽንት ቤት የምንሄደው በስንተኛው ፔሬድ ነው?» ብላ ጠየቀች። ታምራት አንድ መስመር ጨመረ።

ሰኞ ክዳኑ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ትምህርቱ ግን ከበሬው ሊያልፍ አልቻለም። ስምንት ጎረቤቶች ለቅርጫ የገዙት በሬ የታሰረው ግቢው ሰፊ ነው ተብሎ እነታምራት ቤት ነበር። ባለድርሻዎቹ በየተራ እየመጡ ሻኛውን ይዳብሳሉ፣ ጎኑን ይመታሉ፣ ከትናንት ወዲህ ከስቷል ብለው ታምራትን ይቆጡታል። እሱም ነገሩን ለትምህርቱ ሊጠቀምበት አሰበ።

«ይህ በሬ ለስምንት ቤት እኩል ቢካፈል የእኛ ድርሻ ስንት ነው?»

የስምንት ዓመቱ ቃለሕይወት አሰበ። «ጉበቱን ጨምሮ?»

«ጉበቱን ተወው።»

«እኛ ከተውነው ማን ሊወስደው ነው?»

ክርክሩ ሁለት ፔሬድ ፈጀ።

ረቡዕ የወላይትኛ ተራ ደረሰ። ታምራት ሐዋሳ ነው ያደገው። ወላይትኛ ከእናቱ ሰምቶ ይናገራል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ተምሮት አያውቅም። ቢሆንም ፊደሉ የእንግሊዝኛው ስለሆነ አላሳሰበውም። የሶፊን መጽሐፍ ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ኪታ» ብሎ አነበበ።

ልጆቹ ተያዩ።

«ኪታ ምንድነው አባዬ?» አለ ቃለሕይወት።

«ጥንት የሚነገር ቃል ነው» አለ ታምራት።

ሶፊ አንገቷን አስግጋ መጽሐፉን አየችና ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «ኬታ ነው! ቤት! ሁለቱን e እንደ እንግሊዝኛ አነበብከው!»

በዚህ መሐል የሽታዬ አባት አባባ ኤርካሎ ለበዓሉ ከሁምቦ ደረሱ። የሳቁን ምክንያት ሲሰሙ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ማንበብ አይችሉም፤ አማቻቸው ሲማር ማየት ግን አማራቸው።

«በይ ፈትኚው» አሏት ሶፊን።

«አባባ፣ እኔ እኮ አስተማሪው ነኝ» አለ ታምራት።

«አስተማሪ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?»

ከዚህ በኋላ ማምለጫ አልነበረም። ታምራት ከቃለሕይወት አጠገብ ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ የልጁ ደብተር ተሰጠው፣ ልጁ የተገነጠለ ወረቀት ያዘ፣ ሶፊ አሥር ቃላት አንድ በአንድ ጠራች። የቱ ፊደል ይደገማል፣ የቱ አይደገምም? አላበው። አንዴ ወደ ልጁ ወረቀት ዓይኑን ጣል ሲያደርግ ቃለሕይወት በክንዱ ሸፈነበት።

«ቲቸር፣ አባዬ እየኮረጀ ነው!»

አባባ ኤርካሎ እስኪያስላቸው ሳቁ። ታምራት ከአሥር ሦስት አገኘ። ቃለሕይወት ስምንት።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤታቸው መምህር ቶማ በሬውን ሊያይ መጣ። እሱም የቅርጫው አባል ነው፤ ትምህርት ቤት ወላይትኛ የሚያስተምረውም እሱ ነው። ሽታዬ ከገበያ ገና መግባቷ ነበር። ቶማ በረንዳው ላይ የተከፈተውን ደብተር አነሳ፣ የሽፋኑን ስም አየ፣ ገጹን አነበበ፣ ፊቱ ከበደ።

«እትዬ ሽታዬ፣ በበዓል ሰሞን እንዲህ ማለት ይከብዳል» አለ። «ግን ይህ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ቢጀምር ይሻላል። ቤት የሚያግዘው ሰው የለም?»

ታምራት የበሬውን ገመድ እንደያዘ ድርቅ አለ። ዝም ቢል ልጁ ሊወርድ ነው፤ ቢናገር ወሬው ሳይመሽ ስምንቱን ቤት ያዳርሳል። ቃለሕይወት ግን አባቱን አልጠበቀም።

«የእኔ አይደለም! የአባዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የእኔ ስምንት ነው!»

ቶማ ደብተሩን አየ፣ ታምራትን አየ። ሽታዬ የቅቤ ዕቃዋን አስቀምጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የእኔ ነው» አለ ታምራት በመጨረሻ። «ልጁ ጎበዝ ነው። የሚወርደው እኔ ነኝ።»

ይህን ካለ በኋላ የሆነ ነገር ቀለለው። ቶማ አልሳቀም፤ አጠገቡ ተቀመጠና እስክሪብቶ አወጣ። ድምፁ ሲረዝም ፊደሉ ለምን እንደሚደገም አሳየው። አባባ ኤርካሎ ቃሉን ይጠራሉ፣ ታምራት ይጽፋል፣ ልጆቹ ያርማሉ። ዓርብንም በዚሁ ዋሉ። የድስት ክዳኑን ያስታወሰው አልነበረም።

እሁድ ጊፋታ ሆነ። ቤቱ በቅቤና በበርበሬ ዳጣ ሽታ ተሞልቶ፣ ሁሉም ከእንሰት የተሠራውን ሙቿ ከቦ ሲበላ፣ ታምራት ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ለአለቃው የበዓል መልእክት በወላይትኛ ጻፈ። አራት መስመር ነበር። ለሶፊ አላሳየም፤ ሦስቴ አንብቦ ላከው።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ በአማርኛ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ማን ጻፈልህ?»

ታምራት ስልኩን ይዞ ወደ ገበታው ተመለሰና ለሁሉም በየተራ አሳየ፤ አማቱ አባባ ኤርካሎ ማንበብ እንደማይችሉ ረስቶ ለእሳቸው ሁለቴ።