ቁልቁል የቆመችው ኮሮላ

ፀሐይወርቅ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የአባቷን መኪና ዘይት ትለካለች። የምትለካው ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ነው። ኮፈኑን ታነሳለች፤ ቀጭኑን የመለኪያ ዘንግ ስባ በንጹሕ ጨርቅ ትጠርገዋለች፤ እስከ መጨረሻው መልሳ ትከተውና እንደገና ስባ ወደ ብርሃን ትይዘዋለች። ዘንጉ ላይ የላይና የታች ምልክት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ መኪናዋ ደህና ናት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሞተሩ ሥር ያነጠፈችውን ካርቶን ታያለች። የትናንቱ እድፍ ከዛሬው እንዳይቀላቀልባት ካርቶኑን በየዕለቱ ትቀይረዋለች።

የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አንድን ነገር በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ መንገድ ካልለኩት የዛሬው ውጤት ከትናንቱ ጋር አይወዳደርም ትላለች።

ኮሮላዋ በዕድሜ ትበልጣታለች። አባቷ ጋሽ ታረቀኝ ዲላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የገዟት ናት፤ ሱቁን ከዘጉም በኋላ እሷን ግን አልሸጡም። ሞተሪኖዋ ከደከመ ወዲህ በቁልፍ አትነሳም። ስለዚህ ደጅ ላይ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው ያቆሟታል፤ ጠዋት ፍሬኑን ለቀቅ ሲያደርጉላት ተንከባልላ ትነሳለች። በሰፈሩ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ የሚያቆመው እንዲሁ ነው። በዚያ በኩል ያሉት ቤቶች ሁሉ ተዳፋት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ሜዳ የሚባል ነገር የለም።

ዘይት ማፍሰሷን መጀመሪያ ያየው መካኒኩ ገሪማ ነበር። ከሥሯ ተንፏቅቆ ወጣና እጁን እየጠረገ፣

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ዘይቱን የሚይዘው የኋላው ጎሚኒ አልቋል። እሱን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት» አላቸው።

«ወርዶስ? በስንት ቀን ይገጠማል?»

«ይሄን ያህል ቀን ብዬ አልዋሽዎትም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ደግሞ አሮጌ ሞተር እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ለአንዱ በሽታው ሲያስተኙት ሌላውን ይነግርዎታል።»

«እኔንም ሐኪም ቤት አልሄድም ያሰኘኝ ይሄው ነው» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። ሳቁ እንጂ ልባቸው አልሳቀም።

ያስጨነቃቸው ገንዘቡ አልነበረም። ትንሿ ልጃቸው ናፍቆት ፊሊጶስን አግብታ የምትኖረው ከዲላ ራቅ ባለችው ጨለለቅቱ ከተማ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ደም ግፊቷ በድንገት ወጥቶ፣ መኪና ሲፈለግ፣ የተገኘው መኪና ነዳጅ ሲፈለግለት ሰዓቱ ሄደ። ዲላ ስትደርስ እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሐኪሟ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማት ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል እንድትደርስ አስጠንቅቋታል። ጋሽ ታረቀኝ ደግሞ በዚያኛው ልጅ ቀብር ላይ፣ ከእንግዲህ ልጄ መኪና አትለምንም ብለው ምለዋል።

መኪናዋ ጋራዥ ከገባች ናፍቆት ያለ መኪና ልትቀር ነው። ካልገባች ደግሞ ዳገት ላይ ልትቆም ትችላለች። ፀሐይወርቅ መለካት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ በግምት መወሰን አልፈለገችም። ለሳምንታት ለካች። ዘይቱ ይቀንሳል፣ ግን በዝግታ ነው። ታችኛው ምልክት ላይ ለመድረስ ገና ነው።

«እስክትወልድ ይቆያል» ብላ ለአባቷ ነገረቻቸው። «ከወለደች በኋላ ይውረድ።»

ለእህቷም በስልክ ነገረቻት። ዲላ መጥታ ወሯን እዚህ እንድትጠብቅ ቀደም ብላ ለምናት ነበር፤ ናፍቆት ግን እሺ አላለችም። እናታቸው በሕይወት የለችም፤ ፀሐይወርቅ ቀኑን ሆስፒታል ትውላለች። ጨለለቅቱ ግን አማቷ ከጎኗ አትጠፋም።

«መጥቼ ከአባዬ ጋር ግድግዳ ልይ?» አለቻት ናፍቆት። «መኪናዋን ለክተሻታል አይደል?»

«በየቀኑ።»

«እኔን እንኳን ሐኪሙ እንዲህ አይከታተለኝም። በቃ፣ ደህና ከሆነች ስትደወሉላችሁ ትመጣላችሁ።»

«ስትደወሉላችሁ? እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«ያው ነው ባክሽ፣ ስደውልላችሁ! አፌም እንደ ሆዴ ከብዷል።»

አንድ ነገር ብቻ ፀሐይወርቅን ይከነክናት ነበር። ባለፈው እሑድ ናፍቆትን ጠይቀው ሲመለሱ፣ ዳገት ላይ የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቷል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ አልታየም፤ ቀጣዩ ዳገት ላይ ደግሞ ብልጭ አለ።

«ሽቦው ነው» አሉ አባቷ። «የዚች መኪና ሽቦ እንደ ገበያ ወሬ ነው፤ አትመኚው።»

እሷም ጠዋቱን የለካችውን አስታወሰች። ዘይቱ አለ። ዘይቱ ካለ የሚዋሸው መብራቱ ነው። እንዲህ አለችና ተወችው።

በቀጣዩ ሳምንት ሠራተኞች መጥተው ድንጋይ ሊያነጥፉ የሰፈሩን መንገድ ቆፈሩት። መኪናዋን የሚያቆሙበት አጡ። ጎረቤታቸው ጋሽ ፈድሉ፣ የቡና መጋዘን ያላቸው ነጋዴ፣ የግቢያቸውን በር ከፈቱላቸው።

«አስገባት ታሬ። ሲሚንቶዬን ግን ዘይት ብታስነካብኝ ወላሂ አንተኑ ነው በሳሙና የማሳጥብህ።»

የመጋዘኑ ግቢ ቡና የሚሰጣበት ስለሆነ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ዝርግና ለስላሳ። ጠዋት ፀሐይወርቅ እንደ ልማዷ ካርቶኑን አየች። ከወትሮው የተለየ ነገር የለውም። ኮፈኑን አነሳች፤ ዘንጉን ስባ ጠረገች፤ ከተተች፤ ሳበች።

ዘንጉ ደረቅ ነበር። ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጭቃ የጠቆረ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

እንደገና ጠርጋ ከተተችው። ያው ነው። ጎንበስ ብላ ሲሚንቶውን ዳር እስከ ዳር አየችው፤ የፈሰሰ የለም። ሌሊቱን ማንም ግቢ አልገባም፤ በሩን የዘጉት ጋሽ ፈድሉ ናቸው፣ የከፈቱትም እሳቸው። ዘይቱ አልፈሰሰም፣ አልተሰረቀም፣ ግን የለም። ዘንጉን እንደያዘች ቆማ መኪናዋን ከጎን ተመለከተቻት። ዛሬ የፊትና የኋላ ጎማዎቿ እኩል ቆመዋል። እንዲህ ቆማ አይታት አታውቅም።

«አባዬ፣ ይቺን መኪና ልትገፉልኝ ትችላላችሁ?» አለች ከጋሽ ፈድሉ ጋር ወደቆሙት አባቷ ዞራ።

«ወዴት?»

«እዚያ በሩ ጋ። የፊት ጎማዋ ቁልቁለቱ ላይ እንዲወርድ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ ጋሽ ፈድሉ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቡና እንጂ መኪና አልገፋም።» ይሁን እንጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገፉ። ኮሮላዋ የፊት ጎማዎቿን ከበሩ ደፍ አሳልፋ፣ ልክ እንደ ደጃቸው አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍታ ቆመች። ፀሐይወርቅ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገች፤ ዘይቱ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ለካች።

ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። ልክ እንደ ትናንት።

ዘንጉን ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው ወደ ብርሃኑ ይዘው አዩት፣ «ይሄው አለ አይደል እንዴ» አሉ በደስታ።

«የለም። የዘንጉ መግቢያ ከፊት በኩል ነው። ቁልቁል ስትቆም ያለው ዘይት ሁሉ ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ ዘንጉም የሚያገኘው እሱን ነው። ሜዳ ላይ ስትቆም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዳገት ስትወጣ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሽና ለሞተሩ አይደርስም። መብራቱ አልዋሸም አባዬ።»

ጋሽ ታረቀኝ ዘንጉን በጨርቁ ጠረጉት። ሞተሪኖው የደከመው አምና ነው። ከአምና ጀምሮ እሳቸውም ዘይት ሲጨምሩ የነበረው እዚያው ቁልቁለት ላይ እየለኩ ነው። እሷም ሰዓቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ ጨርቁን ሁሉ ስትጠነቀቅ፣ ቦታውን ግን በየቀኑ አንድ ስላደረገችው ትክክል መሰላት። በየቀኑ ይቀንሳል ያለችው መጠን እውነት ነበር፤ ሐሰቱ መነሻው ነው።

«እንግዲህ ታወቀ» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ እዚሁ ሜዳ ላይ እየለካን እንሞላታለን። እስክትወልድ ትቆይልናለች። ከአሁኑ ሞተሯን ብናወርድ ያቺ ልጅ በምን ትመጣለች?»

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ግን አንድ ሞተር ዓመት ሙሉ በጎደለ ዘይት ሲሠራ ውስጡ ምን እንደሆነ በዘንግ አይለካም። ነገ ይቆም ይሆናል፤ አሥር ጊዜ ጨለለቅቱ ደርሶ ይመለስም ይሆናል። ፀሐይወርቅ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናፍቆት እዚያ የተቀመጠችው እሷ መኪናዋ ደህና ናት ስላለቻት ነው።

«አላውቅም አባዬ» አለች። «አላውቅምን ይዤ ደግሞ ደህና ናት ልላት አልችልም።»

እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማ ደወለችላት።

«ናፍቆት፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ። በሚኒባስ፣ ፊሊጶስ የፊቱን ወንበር ይያዝልሽ።»

«ምነው? አባዬ ምን ሆነ?»

«አባዬ ደህና ነው። መኪናዋን የለካሁት ተሳስቼ ነው።»

«አንቺ?» ናፍቆት ሳቀች። ፀሐይወርቅ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከኋላ የአማቷ ድምፅ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ይጠይቃል። «ባለፈው እሑድ እኮ ማታ ራሴን አሞኝ ነበር» አለች ናፍቆት ቀስ ብላ። «ጠዋት ተወኝና ዝም አልኩ። መኪናዋ አለች ብዬ።»

በሁለተኛው ቀን ከባሏ ከፊሊጶስ ጋር መጣች። ፊሊጶስ የቡና ማጠቢያው ሥራ ስለሚጠብቀው አድርሷት ተመለሰ። ኮሮላዋን ደግሞ ገሪማ በገመድ አስጎትቶ ወሰዳት። ሞተሩን አውርዶ ሲከፍተው ከውስጥ ያወጣውን ቁራጭ ብረት ለጋሽ ታረቀኝ አሳያቸው፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ፊቱ በድመት ጥፍር የተቧጨረ ይመስላል። መንገድ ላይ ትቆም ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ገሪማ ትከሻውን ሰበቀ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታረቀኝ በጠዋት ወጥተው መኪናዋ የምትቆምበት ባዶ ቦታ ላይ መቆም ልማድ አደረጉ። ሥራ አጡ። ፀሐይወርቅ የደም ግፊት መለኪያ ገዝታ አመጣችና ሥራ ሰጠቻቸው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ናፍቆትን እየለኩ ሆስፒታል ይደውሉላታል። ማድረግ ያለባቸውን ጥንቃቄ ሁሉ ነገረቻቸው፤ ቡና ከጠጣች በኋላ እንዳይሆን፣ ከተራመደች በኋላ እንዳይሆን፣ ሰዓቱ አንድ እንዲሆን። የሚነግሯት ቁጥር ሁሉ ደህና ነበር። ናፍቆትም ራሷን አላመማትም።

አንድ ቀን ፀሐይወርቅ ላቦራቶሪው መብራት ጠፍቶበት ከሰዓት በኋላ ቀድማ ገባች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው መለኪያው ላይ አጎንብሰዋል። ናፍቆት ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ሆዷ ስለከበዳት ወገቧ ሥር ትራስ አድርጋለች፤ የመለኪያው ጨርቅ የተጠቀለለበት ክንዷ ደግሞ ከሶፋው መደገፊያ ላይ ተዘርግቷል፣ ከጭንቅላቷ ጋር እኩል።

«መቶ ሃያ ስድስት በሰማንያ» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «ደህና ናት። ስትገቢ አየሁሽ፣ ስልኬን ቆጠብሽልኝ።»

ፀሐይወርቅ ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ክንዱን ታያለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኳት?»

«እንዳልሽው ነው! በሰዓቱ፣ በቦታው። ቦታዋን ለውጣ አታውቅም።»

«ተነሺ ናፍቆት። ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«ኧረ ተይኝ፣ አሁን ገና ተመቸኝ።»

«ተነሺ።»

ድምፅዋን ሰምታ ናፍቆት ተነሳች። ፀሐይወርቅ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ጀርባዋን አስደገፈቻት፤ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ፣ በልቧ ትክክል አስተኛችው። ትንሽ እንድታርፍ ጠበቀች። መለኪያው ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥሩን አወጣ። ለአባቷ ሳታነብላቸው ሌላኛውን ክንድ ለካች። ከዚያ የመጀመሪያውን ደገመች።

መቶ ሃምሳ ሁለት በዘጠና ስምንት። ከልቧ በላይ የተሰቀለው ክንድ ግፊቱን አሳንሶ ሲያሳይ ከርሟል።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አይ» አለች ናፍቆት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ከጠዋት ጀምሮ የዚያ መስኮት ዳር ብዥ ይልብኛል። መጋረጃው መስሎኝ» አለች።

ጋሽ ታረቀኝ ቁጥሩን አዩ፤ ሶፋውን አዩ፤ የልጃቸው ክንድ የነበረበትን መደገፊያ አዩ። መነጽራቸውን እንኳን ሳያወልቁ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ወደ በሩ ሄዱ።

«ባጃጅ ላቁም» አሉ።

ፀሐይወርቅ የእህቷን ካርድና ነጠላ አንስታ እጇን ያዘቻት። ደጁ ላይ፣ ኮሮላዋ ትቆምበት በነበረው ቦታ አዲሱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ቁልቁለቱ ግን እንደነበረ ነው። ናፍቆት ትከሻዋን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደች።

«መኪናዋ መቼ ነው የምታልቀው?» አለች ትንፋሽ እያጠራት።

«አላውቅም። እግርሽን እያየሽ።»

ከታች ጋሽ ታረቀኝ መንገዱ መሀል ቆመው በሁለት እጃቸው አንድ ባጃጅ አስቁመዋል። ሴቶቹ ገብተው ሲቀመጡ እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ጠርዙ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ነፍሰ ጡር ናት ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። ባጃጁ ከመነቃነቁ በፊት ዞረው የናፍቆትን ፊት አዩ።

«አይ» አሉ። «ፍጠን።»