ባለቁልፉና ባለመስታወቱ

ጋሽ ወልደሥላሴ በቀኝ እጃቸው ትንሹን፣ በግራ እጃቸው ትልቁን ይዘው ይመዝናሉ። ትንሹ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ የኪስ ማጫወቻ ነው። አምስት ቁልፍ አለው፤ ጠርዙ በኪሳቸው ውስጥ ሲፋቅ ኖሮ ልሟል። ትልቁ ልጃቸው ምሥራቅ ከሐዋሳ የላከችላቸው ታብሌት ነው። የሻይ ትሪ ያህላል፤ እንደ ትሪም ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው።

ትንሹን ሲነኩት ይመልስላቸዋል። አውራ ጣታቸው ሲጫነው ቁልፉ ቀጭ ይልና ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ትልቁ ግን ቢነኩትም ባይነኩትም ያው መስታወት ነው። ጣት የት እንደደረሰ አይናገርም፤ የሚያወራው ከዓይን ጋር ብቻ ነው። የጋሽ ወልደሥላሴ ዓይን ደግሞ ካለፈው ጥምቀት ወዲህ የመስኮቱን ብርሃን ከግድግዳው ከመለየት በቀር ሥራውን ትቷል። «ዓይኔን ግንባር ያርገው» እያሉ መማል ይወዱ ነበር፤ እሱንም ትተውታል።

ይህን የሚያውቁት እሳቸው፣ የጅማው ሐኪምና ጎረቤታቸው ተሾመች ብቻ ናቸው። ምሥራቅ አታውቅም። ብታውቅ የምታደርገው የታወቀ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ «እኔ ጋ ና፣ አብረን እንኑር» ማለቷን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ዓይናቸው መጥፋቱን የሰማች ዕለት ቤቱን ዘግታ፣ ጓሮ ያሉትን ሁለት የንብ ቀፎዎች ለሰው ሰጥታ፣ አርባ ዓመት ከኖሩበት ከቦንጋ ነቅላ ትወስዳቸዋለች። ታብሌቱ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በደወለች ቁጥር ሳያነሱ እየቀሩ በተሾመች ስልክ «ኔትወርክ የለም» ሲሏት ሰንብተዋል። ዛሬ ራሷ እየመጣች ነው።

«ይኸውልዎ ጋሽ ወልዴ» አለች ተሾመች ጣታቸውን ይዛ መስታወቱ ላይ እያስኬደች። «ቻርጀር የሚገባበት ቀዳዳ ወደ እርስዎ ይዙር። ሲጮህ ከታች፣ መሐሉን ነክተው ወደ ላይ ይግፉ። አለቀ።»

ከራሷ ስልክ እየደወለች አሥራ አንድ ጊዜ አስሞከረቻቸው። አራቱን አነሱ። በሰባቱ ግን ጣታቸው ጎን ለጎን እየሄደ ምን እንደነካ ሳያውቁ ጥሪው ተቋረጠ።

«ለልጅዎ ቢነግሯት ምናለበት?» አለች።

«ነገ ዛሬ እያልኩ ነው።»

ተሾመች በከፍኛ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመችና ሙዝና ኮረሪማዋን ተሸክማ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሄደች። የተናገረችው ምስጋና እንዳልነበረ ጋሽ ወልደሥላሴ ገብቷቸዋል።

ምሥራቅ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ቀድመው ወጡ፤ ከወንበራቸው እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው። አቅፈው ሳሟት። የራስ ሻሿ ጉንጫቸውን ነካው፤ የመንገድ አቧራ ይሸታል።

«ከስተሃል፣ አባዬ።»

«አንቺም ብትሆኚ» አሉ፣ እንዲያው በግምት።

አስቀምጠዋት ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱላት። እስከ አራት ቆጥረው ሲያቆሙ ብርጭቆው ልክ ሞልቶ ነበር፤ በዚህ ሳይኮሩ አልቀሩም። ምሥራቅ ሻሿን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣል ስታደርገው ተሰማቸው። ከዚያ ዝም አለች። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ስለ መንገዱ ጠየቋት፤ እሷም ስለ መንገዱ አወራች።

«ፍሬ የላከችልህን ቪዲዮ አየኸው?»

ፍሬ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ቪዲዮውን ተሾመች ትናንት ከፍታላቸው ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ዝናብ ጀምሮ ልብስ ከገመድ ልታነሳ ሮጠች። ጋሽ ወልደሥላሴ ብቻቸውን ድምፁን ሰሙ፦ «አባባ፣ ፀጉሬን እየው! ያምራል?»

«አየሁት እንጂ!»

«ታዲያ ፀጉሯስ እንዴት ነው?»

የስድስት ዓመት ልጅ ፀጉሬን እዩልኝ ካለች ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? «ሹሩባው አምሮባታል» አሉ። «ቁርጥ እናትሽን።»

ምሥራቅ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጋሽ ወልደሥላሴ ስንቅ እዚህ ላይ አለቀ። ምን እንደተበላሸ ባያውቁም መበላሸቱን አወቁ።

«ትንሹን ማጫወቻ አምጣው» አለች ቀስ ብላ። «በውስጡ ያለውን ወደ ታብሌቱ ላዛውርልህ።» አነሳችው። አገላበጠችው። መክፈቻው ላይ አንድ ጠብታ ሰም አለ፤ መቅረጫው ላይ ሁለት።

ተነሳች። እርምጃዋ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ አዳመጡ። የጨው ጣሳ ተከፈተ፤ ክዳኑ ላይ አንድ ጠብታ ነው። የስኳሩ ተከፈተ፤ ሁለት። የበርበሬው፤ ሦስት። የዓይን መድኃኒቶቹ ጠርሙሶች ተጋጩ፤ የጠዋቱ አንድ፣ የማታው ሁለት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ተንኳኳ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሠላሳ አንድ ዓመት የግብርና ቢሮ የንብ ባለሙያ ነበሩ፤ ሰም አጥተው አያውቁም። ቤቱን ሁሉ በሰም ጽፈውት ነበር፤ አሁን ልጃቸው ገጽ በገጽ እያነበበችው ነው።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ፍሬ ተላጭታለች» አለች። «ከትምህርት ቤት ቅማል ይዛ መጥታ ነው። አባባ ያምራል ካለኝ አላለቅስም ብላ ነበር የቀረጸችልህ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ አንገታቸውን ደፉ። ከውሸቱ ሁሉ ይህኛው አመማቸው። ልጅቷ መልስ ስትጠብቅ አደረች ማለት ነው።

«ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?»

«ጅማ ሄጃለሁ፣ ከተሾመች ጋር። ግላኮማ ነው። ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም አሉ።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች እንባ በያዘው ድምፅ። «ሻንጣህን አሁን አዘጋጃለሁ።»

«ምሥራቅ።» እጇን ፈልገው ያዙ። «እኔ በዚህ ቤት ዕውር አይደለሁም። ሐዋሳ የወሰድሽኝ ዕለት ነው የምታወረው።»

ትንሹን ማጫወቻ ከእጇ ወስደው ቁልፉን አራት ጊዜ ተጫኑ። ያረጀ የንብ ድምፅ ወጣ፤ ከላዩም የእሳቸው የጎልማሳነት ድምፅ፦ «ማንኪራ ጫካ፣ ኅዳር ስምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ይህ ንግሥት ያለችው ቀፎ ነው። ድምፁን ልብ በሉ።» ለገበሬዎች ማሠልጠኛ የቀረጹት ነበር። ንቦቹ ጥቂት እንዳጉረመረሙ የልጃገረድ ጩኸት ገባ፦ «አባዬ! ኮሌታህ ውስጥ ገባች!» ሩጫ፣ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ ከዚያ የሁለት ሰው ሳቅ ከጫካው እየራቀ።

ምሥራቅ እያለቀሰች ሳቀች። «ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ነው፤ መቅረጫውን ጥለኸው ሮጥን።»

«መውደቁንም ቀረጸ። እስቲ ያንን ትሪሽን ጣይው።»

«አሁን ትልቁ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። መልከ መልካም ነው ይላሉ።» ፈገግ አሉ። «ትንሹ ለእኔ ጆሮ ነው። ትልቁ ለአንቺ ዓይን ይሁንሽ፣ እኔን የምታዪበት። ማንሳቱን ብቻ አልቻልኩበትም።»

ምሥራቅ ተነሳች። ከዚያ «ሰሙን የት ነው የምታስቀምጠው?» ብላ ጠየቀች።

መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በስኒ ነበር። ቆንጥራ ወሰደችና በጣቶቿ መሐል እያሸች በትንፋሿ ስታለሰልሰው ተሰማቸው። ታብሌቱን አዙራ ከመስታወቱ በታች፣ ጠርዙ መሐል ላይ አንድ ጠብታ ለጠፈች። የአባቷን ጣት ወስዳ አስነካችው። «ከዚህ ተነስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ። እኔ ውጭ ልውጣ።»

በሩ ተዘጋ። ታብሌቱ ጮኸ። ጋሽ ወልደሥላሴ ጠርዙን ዳበሱ፣ ሰሙን አገኙት፣ ወደ ላይ ገፉ።

«ጣራውን ነው የማየው» አለ የምሥራቅ ድምፅ ከመስታወቱ ውስጥ።

ዝቅ አደረጉት።

«አሁን ጆሮህን። ትንሽ ወደ ቀኝ። እዚያ ላይ፣ አትንቀሳቀስ። አየሁህ።» ድምፅዋ ተሰብሮ ተጠገነ። «አባዬ፣ ጠዋትና ማታ እደውላለሁ። ሳታነሳ የቀረህ ቀን ግን ሻንጣህን ራሴ ነኝ የማዘጋጀው።»

«አነሳለሁ።»

«መዋሸት የለም።»

«የለም።»

የቦንጋ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይነግር ወረደ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሁለት ጊዜ ሰሙት፤ አንዴ ከቆርቆሮው ላይ፣ አንዴ ትንሽ ዘግይቶ ከመስታወቱ ውስጥ።

«ትበሰብሻለሽ፣ ግቢ።»

«እገባለሁ። መጀመሪያ ፀጉሬን እየው። እንዴት ነው?»

«አምሮብሻል» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ሳያዘጋጁ ውለው አያውቁም። ዋጡት።

«አይታየኝም፣ ልጄ» አሉ።

ለማንም እንዲህ ብለው አያውቁም ነበር። ከመስታወቱ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«እነግርሃለሁ» አለች ምሥራቅ። «ፍሬ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እኔም ተላጭቻለሁ። ሻሼን ከፈታሁ ጀምሮ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አሥራ አራት እርምጃ ሄደው በሩን ከፈቱና ወደ ዝናቡ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ጎንበስ አለችላቸው። ራሷ እርጥብ ነው፤ ጠጉሩ ገና ብቅ እያለ መዳፋቸውን ይኮረኩራል። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮዋ ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ምንም አላስተረፉም።

«አምሮብሻል» አሉ።

ቃሉ ትንሽ ዘግይቶ ከኋላቸው፣ ከጠረጴዛው ላይ ደግሞ ተሰማ።