ሠላሳ አንድ ሰዓት ከሃያ

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ ይቀዳል። የሚቀዳው ልጅ ካልጠየቁት ስለማይናገር «ጭምቱ» ይሉታል። አንባቢው ከመስታወቱ ወዲያ ያነባል፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ይቀዳል፤ ምዕራፉ ሲያልቅ የፈጀውን ጊዜ በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘግባል። ሥራ በጀመረ ሰሞን «12:15» ብሎ ጽፎ ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለቱን ደቂቃ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጎት መሳቂያ ሆኖ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ዜሮ እያስቀደመ «0:12:15» ይላል፣ እያንዳንዱንም ረድፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ያያል።

ጡረታ የወጡት መምህርት፣ እሱ «እትዬ» የሚላቸው አንባቢ፣ ነገ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። «ድምፅዎ ይመለሳል» ብሏቸዋል ሐኪሙ፣ «የዱሮው መሆኑን ግን እንጃ።» አራት ወር ሙሉ ሲያነቡት የከረሙት ወፍራም መጽሐፍ ገና አላለቀም። የቤቱ ደንብ ደግሞ ንቅንቅ አይልም፦ አንባቢ ሲያቋርጥ ከግማሽ በላይ የተቀዳ ከሆነ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግማሽ ካልደረሰ ግን የተቀዳው ይሰረዝና መጽሐፉ በአዲስ ድምፅ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀመራል። ይህኛው በግምት አርባ ሰዓት ይፈጃል ተብሏል።

እትዬ ከመስታወቱ ወዲያ የዕለቱን ምዕራፍ አንብበው ሲጨርሱ፣ ጭምቱ የሰንጠረዡን የድምር ሳጥን አየ። 7:20 ይላል።

ዓይኑን አሻሸና እንደገና አየ። ያው 7:20። አርባ ስምንቱን ምዕራፍ አንድ በአንድ ፈተሸ፤ እንከን የለባቸውም። ወረቀት ስቦ በእጁ ሲደምራቸው ሠላሳ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መጣ። እልህ ያዘውና ድምሩን አጥፍቶ ራሱ 31:20 ብሎ ጻፈበት። ኮምፒውተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ 7:20 አደረገው።

የበትር ኳኳታ ደረጃውን ወረደና አለቃው ገቡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሰንጠረዡን ኮምፒውተራቸው እያነበበላቸው ነው የሚያዳምጡት።

«ጭምቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ዝርዝሩን የሚሰረዘውን ለሚለየው ኮሚቴ እልካለሁ። የእትዬ ሰባት ሰዓት ነው አለኝ። በአራት ወር ሰባት ሰዓት? ምነው፣ ትንፋሽ ሲስቡ ብቻ ነው እንዴ የቀዳሃቸው?»

«ሠላሳ አንድ ነው ጋሼ። በእጄ ደምሬዋለሁ።»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ ብለህ ጻፋ!»

«ስጽፈው ሰባት ይለዋል።»

«እኔ ነኝ ዓይነ ስውሩ ወይስ አንተ?»

በጭምቱ በኩል ያለው ማይክሮፎን ክፍት ስለነበር መምህርቷ ከመስታወቱ ወዲያ ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄን አታስጨንቁት» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ሌላ ሰው ያነበዋል። መጽሐፍ መቼም ሜዳ ላይ አይወድቅም።» እንዲህ ይበሉ እንጂ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ እጃቸውም ከገጹ ላይ አልተነሣም። ባለፈው ሳምንት ነው፣ ውሃቸውን እየተጎነጩ «ይኼ ድምፄ የሆነ ቦታ ቢቀመጥልኝ ምን አለበት» ያሉት። ጭምቱ አልረሳውም።

አለቃው የእጅ ሰዓታቸውን ክዳን ከፍተው ዘንጎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ሲያስቡ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ይቺ ሰዓት ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራለች» አሉ። «ግን ስንት ኖርን ብላት የምታውቀው ነገር የለም። ዞራ ዞራ ከአንድ ትጀምራለች። ሰዓት ትናንትን አያውቅም። ያንተም ማሽን ከሷ አይሻል ይሆናል።»

ጭምቱ ወረቀቱን መልሶ ሳበና ቀነሰ። ከሠላሳ አንድ ሰባት ሲነሣ ሃያ አራት! የጠፋው አንድ ቀን ከነሌሊቱ ነው። ከዚህ በፊት የቀዳቸው መጻሕፍት አንዳቸውም አንድ ቀን አይሞሉም ነበርና እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ለካ ኮምፒውተሩ የሚነግረው የፈጀውን ጊዜ ሳይሆን የቀኑን ሰዓት ኖሯል፤ ሃያ አራት በሞላ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

ድምሩን መለሰና የሳጥኑን ፎርማት ከፈተ። ሰዓትን የምትወክለዋን «h» ፊደል፣ ሃያ አራት ሲሞላ ወደ ዜሮ እንዳትመለስ፣ በማዕዘን ቅንፍ ግራና ቀኝ አጠራት፤ አሁን የት ታመልጣለች። ተጫነ።

31:20።

«ሠላሳ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ» አለ ኮምፒውተሩ፣ ጭምቱ አለቃው እንዲሰሙት ማንበቢያ ድምፁን ሲከፍትለት።

«እሰይ! እኔማ ይህን ሁሉ ገጽ በማን ድምፅ ልሰማ ነው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልበላልኝም።»

መምህርቷ መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ከመሄዴ በፊት አንዲት ነገር ልጨምር?»

ጭምቱ ቀዩን መብራት አበራ።

«እስካሁን ያነበብኩላችሁ እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚህ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀጥላል። ደህና ሁኑ።»

ዘጠኝ ሰከንድ። ጭምቱ አዲስ ረድፍ ላይ 0:00:09 ብሎ መዘገበ። ድምሩ ንቅንቅ አላለም፤ የሚያሳየው ሰዓትና ደቂቃን ብቻ ነው።

«ገባልኝ፣ የኔ ልጅ?» አሉ መምህርቷ ኮታቸውን እየደረቡ።

«ገብቷል እትዬ። አይታይም እንጂ ውስጡ አለ።»

«የማይታየውን ለኔ ተዉት» አሉ አለቃው፣ በትራቸውን አንሥተው በሩን እየከፈቱላቸው።