ኤምሪስ ዱር ያለ ቀን

«ቆይ፣ እስቲ እንደገና አጫውቺው» አለች ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ።

ኖላዊት በሁለተኛው ስልክ ቀረጻውን መልሳ ከፈተችው። የእንጀራ አባቷ ኤምሪስ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሹክሹክታቸውን አቆሙ። የሟቹ ድምፅ ወጣ፤ የደረቀ፣ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ። የሆነ ነገር አለ፣ ደገመው፣ መጨረሻ ላይ «ዱር... ዱር...» ብሎ ተቋረጠ።

ሴትዮዋ ዌልስ አገር የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ኖላዊት ከኢንተርኔት ፈልጋ ነው ያገኘቻት። ቀረጻው ሲያበቃ ተረጎመችው።

«‹እማዬ፣ አፌ ደረቀ› ነው የሚለው። ዱር በዌልሽ ውሃ ማለት ነው። የኔ ልጅ፣ ሰውየው ውሃ ነው የሚለምነው።»

ኖላዊት ወደ እናቷ ዞረች። የኔነሽ ሰምታለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ገፋ አድርጋ ተነሣች፤ የምትሄድበት ግን አልነበራትም፤ መልሳ ተቀመጠች።

የኔነሽ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከኤምሪስ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ኖራለች። የተገናኙት እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ሶዶ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበር። ከኖላዊት ጋር በአማርኛ ስታወራ አንዲት ሴት «እዚህ አገር እንግሊዝኛ ነው የሚነገረው!» ብላ ጮኸችባት። ከኋላ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ብድግ ብሎ፣ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ለሴትዮዋ ረጅም ንግግር አደረገላት። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ሰውየው ኤቨረት በሚባል ጎረቤት ከተማ አውሮፕላን ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነበር። ምን እንዳላት የኔነሽ ስትጠይቀው «የእናቴን የሾርባ አሠራር ነው የነገርኳት» አለ።

ስለ ልጅነቱ ሲያወራ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚያወራው፤ በፈረንጆቹ 1936ን። ስድስት ዓመቱ ነበር። ዌልስ ውስጥ በተወለደበት የከሰል ማዕድን መንደር ግማሹ ወንድ ሥራ ፈትቶ፣ ጸሎት ቤት ውስጥ ለመዝሙር ውድድር ሲለማመድ ይውል ነበር። ትንሹ ኤምሪስ ትምህርት ቤት በማይገባው እንግሊዝኛ ይማራል፤ ቤቱ ሲገባ ዌልሽ ነው። አባቱ ሥራ ካላቸው ዕድለኞች አንዱ ነበር። ከጉድጓድ ሲወጣ እናቱ ምድጃው ፊት ያለውን የቆርቆሮ ገንዳ ሞልታ የጀርባውን ጥላሸት ታጥብለታለች። በመከር ወራት የጉድጓዱ ጣሪያ ተደረመሰበትና ሞተ።

በመንደሩ ልማድ መቃብር የሚሄዱት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ መጋረጃ ዘግተው ለተመላሾች ምግብ ያሰናዳሉ። ኤምሪስ ከወንዶቹ ጋር ሬሳውን ተከትሎ ሲሄድ ከኋላ ያሉት መዝሙሩን አቋረጡ። ዞሮ ሲያይ እናቱ ጥቁር ባርኔጣዋን አድርጋ ብቻዋን ትመጣለች። አንድ ሽማግሌ ወደ እሷ ተመልሶ «ነውር ነው፣ ግቢ» አላት።

«ይህን ጀርባ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የት እንደምታስቀምጡት አያለሁ።» አልፋው ሄደች።

የኔነሽ ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ ስንቴ ሰምታዋለች! ቋንቋውን ግን አላስተማራትም። «ብቻዬን የምናገረው ቋንቋ ምን ያደርግልሻል?» ይላት ነበር። አሁን በዚህም ተናደደችበት።

ዘንድሮ እርጅናው እንግሊዝኛውን ጠራርጎ ወሰደበትና ዌልሹ ብቻ ቀረ። የገባበት የአረጋውያን መኖሪያ ሠራተኞች «ይለፈልፋል፣ ይጮኻል» እያሉ ማስተኛ መድኃኒት ጀመሩለት። የኔነሽ በትልቁ «ዌልሽ ነው የሚናገረው» ብላ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ነቀሉት። ከዚያ ጉንፋን ያዛትና ዘጠኝ ቀን እንዳትገባ ከለከሏት። በዐሥረኛው ቀን ስትመጣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እጇን ይዞ «ዱር፣ ዱር» አላት። ጥቂት አማርኛ ያውቅ ነበር። ጫካ መሄድ ሲያምረው «ዱር እንሂድ» ነበር የሚላት። ኖላዊት ስትቀርጸው የኔነሽ ባለጎማ ወንበሩን እየገፋች ጥዶቹ ወደሚታዩበት መስኮት ወሰደችው። «ይኸው ዱር» አለችው። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ሰውነቱ ውሃ ጨርሷል አለ።

ስልኩ እንደተዘጋ የመኖሪያው ኃላፊ መጣች፤ አበባና አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ።

«በጣም አዝነናል» አለች። «በመጨረሻው ሰላም አግኝቶ ነበር። ትርጉም ያለው ነገር መናገር ባይችልም...»

«ምን አልሽ?»

የኔነሽ ብድግ አለች። አበባውን ተቀብላ መሬት ላይ አኖረችው።

«ውሃ ሲለምን ነበር! ቋንቋውን ባለማወቃችሁ አልፈርድባችሁም። ቋንቋ መሆኑን ግን ነግሬያችኋለሁ፤ ጽፌላችኋለሁ! እናንተ ወረቀቴን ነቅላችሁ ሰውየውን አስተኛችሁት!»

ኃላፊዋ ቀላች። «ፋይሉ ላይ እንደዚያ የሚል...»

«ፋይልሽን አቃጥዪው!»

ከዳር የተቀመጡት ጋሽ ኪዳነ ወልድ «እትዬ የኔነሽ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ እንግዳ ናት፣ ይተዉ» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ «ፍትሐት እንኳ ያልተደረገለት» እያሉ ከጎናቸው ላለው ሲያንሾካሹኩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«እርስዎም ይተዉኝ! ባሌ በጥም ነው የሞተው። ዛሬ ካልጮኽኩ መቼ ልጩኽ?»

ኃላፊዋ ከረጢቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ኖላዊት ተከተለቻት። «ዛሬውኑ አቤቱታ አስገባለሁ፤ ቀረጻውም አለኝ» ስትላት ከውጭ ይሰማል።

ስትመለስ እናቷን ቀዝቅዛ አገኘቻት።

«እኔ ነኝ መስኮት ጋ የወሰድኩት» አለች የኔነሽ። «ጥድ አሳየሁት።»

«እማዬ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? እኔም እኮ ቆሜ እቀርጽ ነበር።»

«ሃያ ስምንት ዓመት! አንድ ቃል እንኳ አስተምረኝ ብዬ አልያዝኩትም።»

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ቀስ ብለው ተነሥተው መጡና የኔነሽ አጠገብ ተቀመጡ። «ይጩኹ» አሉ፤ «ይጩኹ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

የኔነሽ አልጮኸችም። ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈታችው፤ ፒጃማ፣ መላጫ፣ ጆሮው ከደከመ ወዲህ የሚሰማበት ማዳመጫ። የማዳመጫው ባትሪ ሞቷል። ከቦርሳዋ አዲስ አወጣች፤ ሁልጊዜ ትይዝለት ነበር። በጥፍሯ ክዳኑን ከፍታ ቀየረችው። ትንሿ ዕቃ ነቅታ መዳፏ ውስጥ ሲር አለች፤ እጅ ሲከድናት ታፏጫለች። የኔነሽ ጣቶቿን ገጠመችባት፤ ፉጨቱ ባሰ፤ እሷም ጨብጣት ተቀመጠች።